በረዶ ላይ የወደቀውን አጋዘን ማን ገደለው? ዱካና በድን አይቶ አውሬውን የመለየት አሠራር

የመጀመሪያው በረዶ ከጣለ ጀምሮ ስልኬ ዕረፍት የለውም። ሚኒሶታ ውስጥ የሚያድኑ፣ በእግር የሚጓዙ፣ ወይም ሰሜን በኩል ካቢን ተከራይተው ቅዳሜና እሁድን ጫካ የሚያሳልፉ ወዳጆቼ ፎቶ ይልኩልኛል። ቀይ በረዶ፣ የተበተነ ፀጉር፣ ግማሹ የተበላ አጋዘን። ጥያቄውም አይለወጥም፦ «ተኩላ ነው አይደል?»

ከአንድ ፎቶ ተነስቼ መመለስ አልችልም። እናንተ ግን ቦታው ላይ ስለሆናችሁ ትችላላችሁ፤ አካሄዱን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከሁሉ በፊት «ማን በላው?» እና «ማን ገደለው?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን ያዙ። በብርዱ ወቅት የሞተ አጋዘን ለጫካው ሁሉ ድግስ ነው። ተኩላ፣ ካዮቲ፣ ቀበሮ፣ ቦብካት፣ ንስር፣ ቁራ ሁሉም ይመጣል፣ ሁሉም ዱካውን ይተዋል። እኛ ደግሞ የምንደርሰው ጅብ ከሄደ በኋላ እንደሚጮኸው ውሻ ነው። ስለዚህ ሥራው ከበድኑ አይጀምርም፤ ከዳር ተጀምሮ ወደ መሀል ይገባል።

ተጠርጣሪዎቹ

ስማቸውን ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው፤ አገር ቤት ተኩላና ቀበሮ የሚሉት ስሞች እንደየአካባቢው ስለሚለዋወጡ እዚህ ላይ እንስማማ። ተኩላ የምለው የሰሜኑን ትልቁን ነው፤ ካደገ ከ23 እስከ 45 ኪሎ ይመዝናል፣ የሚኖረውም በብዛት በስቴቱ ሰሜናዊ ክፍል ነው። ካዮቲ ከ11 እስከ 18 ኪሎ ገደማ ነው፤ አገር ቤት ቀበሮ የምንለውን ያየ ሰው መልኩ አይጠፋውም። ከሚኒያፖሊስ ጓሮ እስከ ካናዳ ድንበር የማይገኝበት የለም። ቦብካት ጅራተ ቆራጣ የዱር ድመት ነው። ትንሽ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ በረዶው ጥልቅ ሲሆን የተኛ ትልቅ አጋዘን ይገድላል። የቤት ውሻ ደግሞ ሁልጊዜ ይረሳል።

ኩገር፣ ማለትም የተራራ አንበሳ የሚሉት፣ ሚኒሶታን የሚያልፍባት እንጂ ተዋልዶ የሚኖርባት አይደለም፤ የመጨረሻ ተጠርጣሪ አድርጉት። ጥቁር ድብ ከዲሴምበር እስከ ማርች አጋማሽ ዋሻው ውስጥ ስለሚተኛ ከዝርዝሩ ሰርዙት። ሊንክስ የሚባለው ሌላው የዱር ድመት ጥንቸል አዳኝ ነው፤ ብዙም አያሳስብ። መኪናና ጥይት ግን ዝርዝሩ ውስጥ ይግቡ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሁለት ጥንድ የላስቲክ ጓንት፤ አንዱ ይቀደዳል። ከሱ በላይ የሚጠለቅ ሰፋ ያለ የሱፍ ጓንት
- በሴንቲ ሜትር የተከፈለ ሜትር ወይም ማስመሪያ
- አጭር ስለታም ቢላ
- እርሳስና ደብተር። እስክሪብቶ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ አይጽፍም
- ስልክ፣ ከውስጥ ኪስ ሰውነት አጠገብ የተቀመጠ። ውጭ ከያዛችሁት ባትሪው አሥር ፎቶ ሳታነሱ ይሞታል
- የእጅ ባትሪ። በስቴቱ ሰሜን ያለችው የዱሉዝ ከተማ አካባቢ በዲሴምበር ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች
- ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ፤ በጠመንጃ አደን ወቅት የግድ ነው

ከመንካታችሁ በፊት ተጠንቀቁ

ያለ ጓንት ምንም አትንኩ። የተኩላና የካዮቲ ዓይነ ምድር ውስጥ ሰው ላይ የሚተላለፍ የኮሶ ትል ዕንቁላል ሊኖር ስለሚችል በእንጨት እየሰበራችሁ ወይም አፍንጫችሁን አስጠግታችሁ አትመርምሩት። ርዝመትና ውፍረቱን ከላይ ለኩና እለፉ። የአጋዘን አንጎል የሚያጠቃ ሲደብሊውዲ የሚባል በሽታ በስቴቱ ስላለ ጭንቅላቱንና አከርካሪውን አትክፈቱ።

በድኑ የእናንተ አይደለም። ሥጋውንም ሆነ ቀንዱ ያለበትን ጭንቅላት ያለ ፈቃድ መውሰድ ያስቀጣል። ቆዳውን በቢላ ለመክፈት ካሰባችሁም ሁሉም ዲኤንአር ብሎ የሚጠራው የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት የአካባቢውን ጥበቃ መኮንን ደውላችሁ ጠይቁ፤ መሬቱ የግል ከሆነ ባለቤቱንም አስፈቅዱ። ውሻችሁን በገመድ ያዙት፤ በዚህ ወቅት ጫካው ውስጥ ወጥመድ ይኖራል።

በድኑ ትኩስ ሆኖ በበረዶና በቅጠል ተሸፍኖ ካገኛችሁት አውሬው ሊመለስ አስቦ ነው የሸፈነው። ፎቶ አንሱና ወደመጣችሁበት ተመለሱ፤ ሌላ ቀን ይደርሳል።

አሠራር

1. ሃምሳ እርምጃ ያህል ሲቀራችሁ ቁሙ። አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ እዩ። ቁራ አለ? ንስር ዛፍ ላይ ተቀምጧል? በድኑ የወደቀው ሜዳ ላይ ነው፣ ቁጥቋጦ ሥር ነው፣ በረዶ የጋገረ ሐይቅ ላይ ነው? ከቆማችሁበት ሰፋ ያለ ፎቶ አንሱ። ከዚህ በኋላ የራሳችሁ ቦቲ ዱካውን ስለሚያበላሸው ይህን ፎቶ ደግማችሁ አታገኙትም።

2. ዙሪያውን ዙሩ እንጂ ወደ መሀል አትግቡ። በድኑን መሀል አድርጋችሁ በ30 ሜትር ርቀት ክብ ሠርታችሁ ተራመዱ። ክቡን የሚያቋርጥ ዱካ ሁሉ ወይ ገቢ ነው ወይ ወጪ። እያንዳንዱን ቁጠሩና አቅጣጫውን ጻፉ። የምትፈልጉት አጋዘኑ ራሱ የገባበትን መስመር ነው፤ ታሪኩ ያለው እሱ ላይ ነው።

3. የአጋዘኑን ዱካ ወደ ኋላ ተከተሉ። አብዛኛው ሰው ይህን ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከጠቅላላው ሥራ አንዱን ብቻ ሥሩ ብባል ይህን እመርጣለሁ። በድን ላይ ያለ ማስረጃ በበላተኛ ይጠፋል፣ ሁለት መቶ ሜትር ርቆ ያለን ዱካ ግን ማንም አይበላውም።

አጋዘኑ እየተባረረ ከነበረ ዝላዩ ሦስት ሜትርና ከዚያ በላይ ይሆናል፤ የሸኮናው ሁለት ጣት ተከፍቶ ይታያል። በግራና በቀኝ የሚሮጡ የእግር ዱካዎች አሉ? በመንገዱ ላይ ጭብጥ ጭብጥ ፀጉር፣ ጠብታ ደም፣ የተሰበረ ቅርንጫፍ አለ? ይህ የተኩላ፣ የካዮቲ ወይም የውሻ አሠራር ነው። በተለይ ፌብሩዋሪ መጨረሻና ማርች ላይ በረዶው ቀን ቀልጦ ሌሊት ሲጋገር፣ የአጋዘን ቀጭን ሸኮና ቅርፊቱን ሰብሮ እስከ ሆዱ ይሰምጣል፤ ተኩላውና ካዮቲው ግን ከላይ ይሮጣሉ። የሰመጠበት ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ፀጉርና ደም ታያላችሁ፤ ቅርፊቱ ቅልጥሙን ይገሸልጠዋል።

ድመት ግን አያባርርም። አጋዘኑ የተኛበትን፣ ሰውነቱ አሙቆ ያቀለጠውን አንድ ሜትር ገደማ የሆነ ሞላላ ጉድጓድ ታገኛላችሁ። ወደሱ የሚመጣ ትንሽ ክብ ዱካ አለ፤ አንዳንዴም ያደባበት፣ ሆዱ በረዶውን የደለደለበት ቦታ ይታያል። ከዚያ ሁለት ሦስት ዝላይ፣ ትግል፣ አለቀ። ሁሉም ነገር በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ነው።

አሳዳጅ ከሌለስ? የሚጎተት እግር፣ አንድ ወጥ የደም መስመር፣ መነሻው መንገድ ዳር ከሆነ መኪና ነው። የደም መስመሩ ከጫካ ውስጥ ቢነሳና ወቅቱ አደን ከሆነ ጥይት ነው። አጋዘኑ በተኛበት ተጠቅልሎ ያለ ደም ከተገኘ ረሀብ ወይም በሽታ።

በዚሁ ደረጃ የዱካውን ዕድሜ አወዳድሩ። የአጋዘኑ ዱካ ውስጥ የትናንቱ በረዶ ሞልቶ የካዮቲው ግን ጥርት ያለ ከሆነ፣ ካዮቲው የመጣው አጋዘኑ ከሞተ በኋላ ነው። ስለዚህ በረዶ መቼ እንደጣለ ከቤት ሳትወጡ አጣሩ።

4. ዱካውን ለኩ። መጀመሪያ ቅርጹን እዩ። ውሻ መሳዮቹ ርዝመቱ ከስፋቱ የሚበልጥ፣ ጥፍሩ የሚታይ ዱካ አላቸው። የድመት ወገን ዱካ ክብ ነው፤ ጥፍሩ አይታይም፣ የተረከዙ የኋላ ጠርዝ ሦስት እብጠት አለው። ከዚያ ልኩ፦

- ተኩላ፦ ርዝመቱ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር
- ካዮቲ፦ ከ6 እስከ 7.5
- ቦብካት፦ 5 ገደማ፣ ክብ
- ኩገር፦ ከ7.5 እስከ 9፣ ክብ
- ውሻ፦ እንደ ዝርያው፤ ትልቅ ውሻ ተኩላን ያክላል

የምትለኩት የዱካውን ወለል ነው፤ ከላይ የተከፈተውን አፉን አይደለም። እግሩ ሲገባና ሲወጣ የጉድጓዱን አፍ ያሰፋዋል። ፀሐይ ሲነካው ደግሞ ይብሳል፤ በማርች ፀሐይ የሦስት ቀን ካዮቲ ተኩላ ይሆናል። ዛፍ ጥላ ሥር ያለውን ዱካ ፈልጉ፣ አምስት ስድስት ለኩ፣ ትንሹን ልክ እመኑ።

ውሻንና ተኩላን በአንድ ዱካ ለመለየት አትድከሙ፤ አረማመዱን ተከተሉ። ተኩላ ጉልበት ይቆጥባል፤ የኋላ እግሩን የፊቱ ባረፈበት እያሳረፈ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ቤቱ እራቱ የሚጠብቀው ውሻ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ያሸታል፣ ይመለሳል። ተኩላዎች ጥልቅ በረዶ ላይ አንዱ የረገጠውን ሌላው እየረገጠ በአንድ መስመር ስለሚጓዙ አምስቱ አንድ ሊመስሉ ይችላሉ። መስመሩ እስኪበተን ድረስ ተከተሉት፣ ያኔ ትቆጥራላችሁ።

5. አሁን ወደ በድኑ ቅረቡ፤ በሕይወት እያለ ነው የተነከሰው? ልብ የሚመታ እንስሳ ሲነከስ ከቆዳው ሥር ደም ይቋጥራል። ከሞተ በኋላ የተነከሰ አይቋጥርም። ገዳይንና ጥንብ በላን የሚለየው ይህ ነው።

ፈቃድ ካገኛችሁ፣ መንጋጋው ሥር ጀምራችሁ በጉሮሮው በኩል አንድ ስንዝር ያህል ቆዳ ክፈቱና ገልጣችሁ እዩ። ለፋሲካ በግ ገፍፎ የሚያውቅ ሰው እጁ ራሱ ይሄዳል፤ ልዩነቱ እዚህ በጡጫ አትገፉም፣ በቢላው ጫፍ ቀስ እያላችሁ ነው፣ አለዚያ የጥርሱን ቀዳዳ ታሰፉታላችሁ። አንድ ፌብሩዋሪ ላይ ያየኋት እንስት አጋዘን ከውጭ አንገቷ ደህና ነበር፣ ፀጉሩ ብቻ እርጥብ ሆኖ ጠጉሯል። ቆዳው ሲገለጥ ግን ከመንጋጋዋ ሥር አራት ጠባብ ቀዳዳዎች፣ ዙሪያቸው እንደ ጉበት የጠቆረ የረጋ ደም። ታፋዋ ግማሹ ተበልቶ ነበር፣ እዚያ ያለው ሥጋ ግን ገርጥቷል፤ የታፋው ንክሻ ከሞተች በኋላ የመጣ ነው።

በድኑ ድንጋይ ሆኖ ቢደርቅም የረጋው ደም ቀለሙን አይለቅም። ጉሮሮውን፣ ማጅራቱን፣ ሽንጡንና የኋላ እግሮቹን በዚህ መንገድ ፈትሹ። የትም የረጋ ደም ከሌለ አውሬ አልገደለውም ማለት ነው፤ ወይም ማስረጃው ያለበት ክፍል ተበልቷል። ሁለተኛውን አትርሱት። በአንድ ጎን ብቻ ሰፊ የረጋ ደምና የተሰባበረ ጎድን ካለ፣ ጥርስም ከሌለ፣ መኪና ነው።

6. የንክሻውን ቦታና የክራንቻውን ርቀት ያዙ። ተኩላ ትልቅ አጋዘንን ከኋላና ከጎን ይይዛል፦ ታፋ፣ ሽንጥ፣ ወርች፣ ከዚያም ጉሮሮ። ሥጋው የተጨፈለቀ ይመስላል። ካዮቲ ጉሮሮንና ከመንጋጋ ሥር ይወዳል፤ ትልቅ አጋዘን ሲገጥመው የኋላ እግሩንም ይቦጫጭቃል። ቦብካትና ኩገር ጉሮሮ ወይም ማጅራት ላይ ያነጣጥራሉ፣ በተጨማሪም ጀርባና ትከሻ ላይ የጥፍር ጭረት ይተዋሉ። ቆዳውን ከውስጥ በኩል ብርሃን ላይ ስትይዙት ጭረቱ ይታያል። ውሻ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል፦ ጆሮ፣ ጅራት፣ ቁርጭምጭሚት፣ ፊት።

የሁለቱ የላይ ክራንቻዎች ቀዳዳ ከመሀል እስከ መሀል ለኩ። 2.5 ሴንቲ ሜትር ካልሞላ ቦብካት፣ 3 አካባቢ ካዮቲ፣ 4ና ከዚያ በላይ ተኩላ ወይም ኩገር። ቆዳ ስለሚለጠጥ በዚህ ቁጥር ብቻ አትፍረዱ፤ ዱካው ከሚለው ጋር ይስማማ እንደሆነ ማረጋገጫ አድርጉት።

7. ከየት መብላት እንደጀመረና ምን እንደተረፈ እዩ። ተኩላ ሆዱን ከፍቶ ልብ፣ ሳንባና ጉበት ይበላል፤ ጨጓራውን ያወጣና ፈርሱን ይተወዋል። መንጋ ከሆኑ በጥቂት ቀን ውስጥ የሚቀረው የቆዳ ቁራጭ፣ መንጋጋ፣ ሸኮናና እንደ ኳስ የደረቀ ፈርስ ነው። ፈርሱ ያለበት ቦታ አጋዘኑ የወደቀበት ቦታ ነው፤ ሌላው ሁሉ ተጎትቶ ሊሆን ይችላል። የታፋ አጥንት ለሁለት የተሰበረ ከሆነ ተኩላ በላተኛ ነበር። ካዮቲ የጎድን ጫፍ ያኝካል እንጂ ይህን አጥንት ለመስበር ይቸገራል፤ ሥጋውንም ቀስ እያለ ለቀናት ይመላለስበታል።

የድመት ማዕድ ንጹሕ ነው። ፀጉሩን ነጭቶ ክምር አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ የሥጋው ጠርዝ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል፣ ትልልቅ አጥንት ሙሉ ነው። ከዚያ በረዶና ቅጠል ስቦ ይሸፍነዋል። የሳበበትን የጥፍር መስመር ለኩ፦ እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ቦብካት፣ ከ60 እስከ 90 ከሆነ ኩገር።

ዓይንና ምላስ ብቻ ጠፍቶ ዙሪያው ነጭ ኩስ ካለበት ወፍ ቀድሟችኋል፤ ገዳይ ግን አይደለም። ብዙ ተነክሶ ምንም ያልተበላ ከሆነ ደግሞ የቅርብ ጎረቤት ውሻ ነው። ውሻ አጋዘን እንዲያሳድድ መልቀቅ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ይህን ለመኮንኑ ንገሩ።

8. ቅልጥሙን እዩ። የታፋው አጥንት ተሰብሮ ካገኛችሁት መቅኔውን ተመልከቱ። ነጭና እንደ ቅቤ ጠጣር ከሆነ አጋዘኑ ጠግቦ ነበር። ቀይ፣ እንደ ጄሊ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ተርቦ ነበር፤ ሰውነት የመቅኔን ስብ የሚነካው ሌላው ካለቀ በኋላ ነው። በረዶ ሆኖ ከደረቀ በጓንታችሁ ይዛችሁ አቅልጡት፤ እንደቀዘቀዘ ሁሉም ጠጣር ነው። ይህ የሚነግራችሁ ገዳዩን ሳይሆን አጋዘኑ ለምን እንደተያዘ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስሕተቶች

ኖቬምበር ላይ በረዶ ላይ የተዘረገፈ አንጀትና ጨጓራ ብቻ አይቶ «ተኩላ» ማለት። እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ ይህንኑ ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ። አንድ ሽማግሌ አዳኝ ጎረቤቴ ቦታውን ሲያዩ ምንም አላሉም፤ በጣታቸው ቀጥ ብሎ የተቆረጠውን የጉሮሮ ቧንቧና ከጎኑ ያለውን የቦቲ ዱካ ብቻ አሳዩኝ። አዳኝ አጋዘኑን እዚያው ጫካ ከፍቶ ሆድ ዕቃውን ይተወዋል፣ ልማዱ ነው።

ቀንድ የሌለውን ሁሉ እንስት ማለት። ወንዱ ከዲሴምበር ጀምሮ ቀንዱን ይጥላል። ግንባሩን በጓንታችሁ ዳብሱት፤ ሁለት ክብ ጉብታ ካለ ወንድ ነው።

ዱካ ያለ መለኪያ ፎቶ ማንሳት። ከጎኑ ሜትር፣ ካጣችሁ ቁልፍ ወይም የባንክ ካርድ አስቀምጡና ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ። ጓንታችሁን እንደ መለኪያ አታስቀምጡ፤ የማን እጅ ምን ያህል እንደሆነ እኔ አላውቅም።

9. ወደ አሠራሩ እንመለስ፤ በመጨረሻ ፍርዳችሁን በሦስት ደረጃ ጻፉ። «የተረጋገጠ» የምትሉት የረጋ ደም፣ የክራንቻ ርቀትና የማባረሪያው ወይም የአድብቶው ዱካ ሦስቱም አንድ አውሬ ሲጠሩ ብቻ ነው። ሁለቱ ከተስማሙ «ሳይሆን አይቀርም»። ከዚያ በታች ከሆነ «አልታወቀም» ብላችሁ ዝጉት፤ እኔ ካየኋቸው ብዙዎቹ በዚህ ነው የሚዘጉት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የስልኩን የቦታ ምልክትና በረዶ የጣለበትን ቀን ጨምሩ።

ከመሄዳችሁ በፊት ጆሮውን ገልብጣችሁ፣ አንገቱንም ዳብሳችሁ እዩ። የጆሮ ምልክት ወይም ኮላር ካለ የተመራማሪዎች አጋዘን ነው። ኮላሩን አታውልቁት፤ ቁጥሩን ፎቶ አንሱና ለዲኤንአር ደውሉ።